ቀይ ክር የታሰረባቸው

ባሏን ሞቶ ያገኘችው ራሷ ናት። ምሳ ቀርቧል ልትለው ወደ ዘር ክፍሉ ብትገባ፣ ከድንጋዩ ጠረጴዛ ስር በጎኑ ወድቋል። የጠረጴዛው ጠርዝ ደም ነክቶታል፤ ከላዩ ለሁለት የተቆረጠ ሐብሐብ ተቀምጧል። ከባሏ ራስ ስር የልጃቸው ሻርፕ ነበር። ጮኸች ይላሉ፣ እሷ ግን አታስታውሰውም።

ያን ዕለት ማታ ልጇን ወሰዱባት። ነገሩ ለፖሊስ ግልጽ ነበር። ሐብሐብ ሲያዳቅል ዕድሜውን የፈጀው ሽማግሌ፣ አዲሱን ዝርያ እመራዋለሁ ብላ ስትጠብቅ የኖረችውን ልጁን ትቶ ለሚስቱ የእህት ልጅ ሰጠው። ልጅቷም በዋዜማው «አንተ በሕይወት እያለህ እኔ ሰው አልሆንም» ብላው በሩን ደርግማ ወጣች። ቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

የእህት ልጅ የሚባለውም ለወጉ ያህል ነው። እህቷ ስትሞት ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ነበር። ከልጇ እኩል አጥብታ አሳድጋዋለች፤ የሚጠራትም «እማዬ» ብሎ ነው።

ሁለቱ ልጆች በየራሳቸው ግሪንሃውስ፣ በላስቲክ በተሸፈነ ቤት ውስጥ፣ ይሠሩ ነበር። ንብ ስለማይገባ የንቡን ሥራ ሰው ይሠራዋል፦ ወንዴው አበባ ተቀጥፎ ሴቴዋ ላይ ይታሻል፣ ከዚያ አንገቷ ላይ የሠሪው ክር ይታሰራል። የልጅቷ ሰማያዊ ነው፣ የወንድሟ ቀይ። አበባው ማለዳ ተከፍቶ ፀሐይ ሲበረታ ስለሚከደን፣ በጠዋቱ ያልታሸ አበባ ቀረ ማለት ነው።

ነገሩን እንዲያጣራ የተላከው መርማሪ ባልደረቦቹ «መርፌ» የሚሉት ከሲታ ሰው ነበር። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አንድ ነገር ካላገኘ መዝገቡ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰው አያቻኩልም፤ የጠየቀውን ግን ሳያገኝ አይነሳም። ሐኪሙ ሽማግሌው የሞተው ረፋድ ላይ ነው ብሏል። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ቅጥር ግቢውን የሚያስተዳድረው፣ ያን ጊዜ በር ላይ ነዳጅ ሲያስራግፍ ነበር፤ ሾፌሩም መሰከረለት። ሁለቱ ልጆች ግን በየግሪንሃውሳቸው ብቻቸውን ነበሩ። ሁለቱም ሳዳቅል ነበር አሉ።

«ክሮቼን እዩዋቸው» አለ የእህቷ ልጅ።

«የእሷም ክር እኮ አለ» አለ መርፌ።

የባሏ ወንድም ጣልቃ ገባ። «ክር ማታም ይታሰራል፣ ጌታዬ። እኔ ወደ ነዳጁ ስሄድ በደጇ ሳልፍ ጠርቻት አልመለሰችም።»

መርፌ «ክር ማታም ይታሰራል» ሲል ነገሩን በአፉ ደገመው። ወዲያው ሁለቱም ቤቶች እንዲታሸጉ አዘዘ፤ ሐረጉ እንዳይደርቅ ውሃ የምታጠጣው እናትየው ብቻ እንድትሆን፣ ፖሊስም ደጁን እንዲጠብቅ። ከዚያ የተቆረጠውን ሐብሐብ በእስክሪብቶ እያገላበጠ ጠየቃት።

«እትዬ፣ የዚህ ዘሩ የት ሄደ?»

ሥጋው እሳት የመሰለ ቀይ ነው፤ በዘሩ ቦታ ግን ስስ ነጭ ገለባ ብቻ ነበር። «ሳይበስል ተቆርጦ ይሆናል» አለች። መብሰሉን እያየች ነበር ያለችው።

በማግስቱ ልጇን ልትጠይቅ ሄደች። ልጅቷ በፍርግርጉ በኩል የእናቷን ጣቶች ይዛ፣ «የግሪንሃውሱ ማራገቢያ ሲሠራ እኮ ምንም አይሰማም፤ ንገሪያቸው፣ እማዬ» አለቻት። ነግራቸዋለች። ማን ሊሰማት። ለእህቱ ስንቅ የሚያመላልሰው ያው የእህቷ ልጅ ነበር፤ በየቀኑ ዓይኑ ደም ለብሶ ይመለሳል፣ እህል አይቀምስም። ባሏን ቀብራ ልጇን ለእስር የሰጠች ሴት፣ የቀረላትን አንዱን ታባብላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ልታጠጣ ገባች። በልጇ ቤት ሰማያዊ ክር የታሰረባቸው የእንቁላል ያህል ሆነው አንገታቸውን ደፍተዋል። ወደ ሁለተኛው ቤት ተሻገረች። ቀይ ክር የታሰረባቸው ቢጫ ሆነው ተጨማደዋል። የያዘችው የውሃ ጎማ ጫማዋን እስኪያጥለቀልቀው ቆማ ቀረች። ዘበኛው ፖሊስ ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጧል። አንዷን ቆረጠችና ኪሷ ከተተች፤ እጇ ወደ ሁለተኛዋ ሄደ፣ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም።

መርፌ በመጨረሻው ቀን እሷን፣ የእህቷን ልጅና የባሏን ወንድም ዘር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሰማያዊ ክር ያለባትን ለጋ ሐብሐብና ቀይ ክር ያለባትን የደረቀች ጎን ለጎን አኖረ።

«ክር ማታም ይታሰራል ያሉት እርስዎ ነዎት» አለው የባሏን ወንድም። «እውነትዎን ነው። ፍሬ ግን ማታ አይያዝም። ሴቴዋ አበባ ሳትከፈት ጀምሮ ከስሯ ትንሽ ሐብሐብ ተሸክማለች። የወንዴው ዱቄት ከደረሳት ውስጧ ዘር ይይዛል፣ ያቺ ትንሽም ታድጋለች። ካልደረሳት ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ሰማያዊዎቹ ሁሉ ይዘዋል፤ ያን ሁሉ አበባ ለማዳረስ ጠዋቱ ራሱ አይበቃም። ልጅቷ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላለችም።»

«ሙቀት ሲበዛም ፍሬ አይይዝም» አለ የእህቷ ልጅ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ወንዴዎቹን አየሁ። በእህትህ ቤት መሬቱ በታሹ አበቦች ተሞልቷል። ባንተ ቤት አንድ እንኳ የተቀጠፈ የለም፤ ሁሉም እሐረጉ ላይ እንዳሉ ደርቀዋል። ታዲያ ዱቄቱን ከየት አመጣኸው?»

መርፌ የተቆረጠውን ሐብሐብ አነሳ፤ አንገቱ ላይ የደበዘዘ ቀይ ክር ነበር። ይህን ያሳደገው የአበባ ዱቄት ሳይሆን ሆርሞን ነው አለ፤ አበባው ላይ ሲረጩት ፍሬው ያድጋል፣ ዘሩ ግን ገለባ ይሆናል። ሽማግሌው የኮራበት ዝርያ ሊዘራ የማይችል መሆኑን ያን ዕለት ጠዋት በገዛ ቢላዋው ቆርጦ አየ። «ክሩ የታሰረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እንደ ሌላው ጊዜ ረጭተህ ታሳድጋቸው ነበር፤ እኛ በሩን አሸግንብህ።»

የእህቷ ልጅ መርማሪውን ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም አለኝ፣ እማዬ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ። ሻርፑ ወንበሩ ላይ ተረስቶ ነበር፤ ደሙ እንዲቆም ብዬ ነው ከራሱ ስር ያደረግኩት። እሷን ላስይዛት አልነበረም።»

«ሲወስዷትስ?» አለችው።

አንገቱን ደፋ።

«አንዲት ቀይ ጎድላለች» አለ መርፌ፣ ማንንም ሳያይ። «አንገቷ በጥፍር ተቆርጧል።»

እጇን ኪሷ ከትታ የደረቀችውን ከነክሯ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሁሉንም ልለቅማቸው ነበር» አለች። «አንዷን ስቆርጥ የልጄ ጣቶች ፍርግርጉ ላይ ታዩኝ።» ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ለባሏ ይሁን ለማን አታውቅም።

ካቴናው ሲገባለት ተነስታ የሸሚዙን አንገት ቆለፈችለት፤ መኪናው ውስጥ ይበርድሃል አለችው። መርማሪው ልጇ ዛሬውኑ እንደምትፈታ ነግሯት፣ ከፈለገች አብራ ሄዳ ልትቀበላት እንደምትችል ጨመረ።

መኪናው አንድ ብቻ ነበር። ልጇን ሊያመጣ የሚሄደው መኪና ልጇን ጭኖ ተነሳ፤ እሷም ከጎኑ ተቀመጠች።