ስምንት ቡሎኖች

ሞተሩ ተሠርቶ አለቀ፤ ከግቢው በር ግን አልወጣም። ይመር ከጨረታ የገዛውን ስብርባሪ ባለ አራት ጎማ ሞተር ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ ስምንት ወር ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። በመጨረሻም ገደል ላይ እንዳይገለበጥ ብሎ የኋላ ጎማዎቹን በብረት ማስረዘሚያ ወደ ውጭ ገፍቶ በየዳቸው። ሁሉን ለክቷል፤ የረሳው በሩን ብቻ ነው።

ሚስቱ ምስራ ሶማሌ ተራ የቡሎን ሱቅ አላት። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅበት ነበር። ግን አባቷ አቶ ነስረዲን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ቆላ ካለው መንደራቸው ደውለው ኢንሱሊናቸው ነገ እንደሚያልቅ ነግረዋታል። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ ወንዙ ሞልቶ በቅሎ አያሻግርም።

«በቡሎን አድርገው ብዬህ ነበር» አለች።

«ብየዳ ይጠነክራል።»

«ከበር ካልወጣ ምን ያደርጋል?»

ይመር እያጉረመረመ ብየዳውን በግራይንደር ቆረጠ። ምስራ ከሱቋ ስምንት ቡሎን ከነዳዶው አመጣች። ብረቱን በድሪል በስተው፣ ማስረዘሚያዎቹን በየጎኑ በአራት ቡሎን የሚፈቱና የሚገጠሙ አደረጓቸው። ሞተሩ ጠቦ ወጣ፤ ደጅ ላይ መልሶ ሰፋ። ይመር ግን ሥራዬን አበላሸችብኝ ብሎ አኩርፎ አደረ።

ሌሊቱን የተጓዘ አይሱዙ የጭነት መኪና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎርፉ መንገዱን ከቆረጠበት አፋፍ ላይ ከነሞተሩ አውርዷቸው ተመለሰ። ምስራ መድኃኒቱን ከነበረዶው በትንሽ የእጅ ማቀዝቀዣ ይዛ ሞተሩ ላይ ከይመር ኋላ ተቀመጠች። በረዶው ከማታ አያልፍም።

ዝናቡ ቁልቁለቱን ሳሙና አድርጎታል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ፣ አንድ ጎማው ከመሬት ተነሣ፣ ተንጠለጠለ፣ መልሶም ወደቀ። ስፋቱ አድኗቸዋል።

«አየሽ?» አለ ይመር።

ምስራ ወገቡን አጥብቃ ያዘች።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ወንዙ ደፍርሶ ይጋልባል። ይመር የሞተሩን አየር መሳቢያ በውሃ ቧንቧ ከራሱ በላይ አስረዝሞት ነበርና ውሃው መቀመጫው ድረስ ቢወጣም ሞተሩ አልጠፋም። መሀል ላይ ሲደርሱ ከአሸዋው ዳር አንድ አዞ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውሃው ገባ።

«አይቼዋለሁ» አለች ምስራ። «አትቁም።»

ይመር ነዳጅ ሰጠ። ማዶ ወደ ደረቁ መሬት እስኪወጡ ወደ ኋላ አልዞረም።

እኩለ ቀን ላይ ሁለት አለቶች መንገዱን ከሚያጠብቡበት ቦታ ደረሱ። በመተላለፊያው ሦስት ባለ በቅሎዎች ተቀምጠዋል። ትልቁ በትሩን አጋድሞ ቆመ።

«ይሄ በዚህ አያልፍም። በቅሎ ተከራዩና በላይኛው ዞራችሁ ነገ ትደርሳላችሁ።»

«ነገ አይሆንልንም» አለ ይመር።

«መኪና በዚህ ማለፍ ከለመደ እኛስ ምን እንበላለን?»

«የነስረዲን ልጅ ነኝ» አለች ምስራ፤ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አሳየችው። «የያዝነው መድኃኒታቸውን ነው።»

ሰውየው እየሟሟ ያለውን በረዶ ትክ ብሎ አየ። ነስረዲንን ያውቃቸዋል። በትሩን አነሣ፤ አለቱ ግን ማንንም አያውቅም። ይመር በስንዝር ለካ። መተላለፊያው አንድ ስንዝር ጎደለው። ስምንት ወር ሙሉ ማንንም ሳያማክር የሠራው ሰው ዞሮ ሚስቱን አየ። እሷ የቡሎን መፍቻዋን ከኪሷ አውጥታ ተንበርክካለች፤ አንዱን ዳዶ ጀምራዋለች።

ስምንቱም ተፈቱ። ሞተሩ ቀለሙ አለቱ ላይ እየተፋቀ፣ ባለ በቅሎዎቹ ከኋላ እየገፉት አለፈ። ማዶ ስምንቱም ተመልሰው ታሰሩ።

አመሻሽ ላይ አቶ ነስረዲንን ዛፍ ሥር በጀርባቸው ተጋድመው አገኟቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ከበረዶው የቀረው ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ መድኃኒቱን ለማቆየት ግን በቅቷል። ምስራ መድኃኒቱን ወጋቻቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ አቶ ነስረዲን ቀና ብለው በጭቃ የተለወሰውን ሞተር አዩ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

ይመር ይህን ጥያቄ ስምንት ወር ሲጠብቅ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቶታል።

«የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ። «ያደረሰችን ግን እሷ ናት።»

ምስራ ማቀዝቀዣውን ልትዘጋ ነበር፤ እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ።