ከሻካራው ሴራሚክ ሥር

ይህ ተረት አይደለም። ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ እኔው ቤት ውስጥ የሆነ ነው። ትናንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። በጠራራ ፀሐይ፣ ደጅ ላይ ባጃጅ እየጮኸ።

«ቅዠት ነው» የሚለኝ ካለ ይበል። ግድ የለኝም።

መጀመሪያ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄ ኢያኤል የኩሽናችን የሚያብረቀርቅ ወለል አንሸራቷት አገጯ ተሰፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ለቅቃ አንድ እርምጃ አልሄደችም። እኔም ጤና አጣሁ። ወለል ላይ ጠብታ ውሃ ካየሁ እባብ ያየሁ ያህል እጮሃለሁ።

ባሌ ዮፍታሄ «አንቺ ደግሞ! ልጅ ወድቆ አይደል የሚያድገው?» ይለኛል።

የእኔ ልጅ ግን ሁለተኛ አትወድቅም አልኩ።

ላስቲክ ምንጣፍ አሰብኩ። ጠርዙ ይነሳና እግር ይጠልፋል፣ ውሃ ከገባበት ደግሞ ይሸታል። ሊሾ ሲሚንቶ አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ የምትቆም ሴት ጉልበት ያቀዘቅዛል፣ ዘይት ከጠጣም አይለቅም። በመጨረሻ መሃል ከተማ ካለ የሴራሚክ ሱቅ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅኩና ናሙናው ላይ ውሃ አፍስሼ ቆምኩበት።

ሻጯ ሳቀች። «እናት፣ ልትገዢ ነው ልትዋኚ?»

«ስትወልጂ ይገባሻል» አልኳት። ሻካራውን፣ ግራጫውን መረጥኩ።

ሴራሚክ አንጣፊው ሙሴ በሦስት ቀን ጨረሰ። ሲያስረክበኝ በመዶሻው እጀታ አንድ በአንድ አንኳኳው። ከሥሩ ሲሚንቶ በደንብ ያልገባበት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል።

«አየሽ እህቴ? ሁሉም ሙሉ ነው።»

አላመንኩትም። ማንኪያ አንስቼ፣ ተንበርክኬ ራሴ ማንኳኳት ጀመርኩ።

«ወይ ጉድ!» አለ ሙሴ እየሳቀ። «አንቺ ለልጅሽ ባል ስትመርጪ ስንቱ ወንድ ሊያለቅስ ነው!»

ምድጃው አጠገብ ያለው ላይ ደረስኩ። ሦስት ጊዜ መታሁት።

ከሥር... ሦስት ጊዜ ተመታ።

የሙሴ ሳቅ ተቋረጠ።

«አንተ ነህ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«እጄ ይኸው...»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ዝም በይ... እስቲ ድገሚው።»

ሁለት ጊዜ መታሁ። ከሥር ሁለት ጊዜ መለሰ።

ከዚያ፣ እኔ እጄን ሳላነሳ... አንድ ጨመረ።

ሙሴ ላብ በላብ ሆኖ ሴራሚኩን በመሮ አነሳው። ከሥሩ ሲሚንቶው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጉንዳን እንኳ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። ሌላ ሴራሚክ ተካበትና መሣሪያውን ሰበሰበ።

«እህቴ፣ ከእንግዲህ እንዳታንኳኪ። ለሰውም አታውሪ።»

«ለምን አላወራም? ቤቱ የማን ነው?»

ጫማውን ሳያደርግ፣ በእጁ እንደያዘ ነው የወጣው።

እኔ ክፉውን ሁልጊዜ አስቀድሜ የማስብ ሴት ነኝ። ክፉው ራሱ ሲመጣ ግን... ይገርማችኋል፣ ፍርሃቴ አለቀ። ተደፍቼ ወለሉን በጥፊ መታሁት።

«በኢየሱስ ስም ዝም በል! እዚህ የምትራመደው ልጄ ናት!»

ዝም አለ።

ቀኑን ሙሉ ዝም። ሌሊቱንም ዝም። አሸነፍኩ ብዬ እየዘመርኩ ሳህን አጠብኩ።

ዛሬ እሑድ ከአምልኮ ተመልሰን ኩሽና ስንገባ፣ ኢያኤል እጄን ለቀቀች።

ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ! ሁለት እርምጃ... አራት... አምስት። አላንሸራተታትም።

«ዮፍታሄ! ና እይ!» ብዬ ተጣራሁ።

ምድጃው አጠገብ ካለው ሴራሚክ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ጎንበስ አለች። ፈገግ ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «እቀፊኝ» ስትለኝ እንደምትዘረጋው...

ወደ ወለሉ።

አፈፍ አድርጌ ለአባቷ ሰጠኋት። ጫማዬን ወርውሬ እኔ ወጣሁበት።

ይህን ስልኬ ላይ የምጽፍላችሁ እዚያው ቆሜ ነው። ዮፍታሄ ልጁን ታቅፎ በሩ ላይ ሆኖ «ውረጂ... እባክሽ ውረጂ» ይለኛል።

አልወርድም። የመረጥኩት እኔ ነኝ። የልጄ ወለል ነው።

ማንኳኳት የለም።

ግን ቀዝቃዛው ሴራሚክ ከእግሬ ሥር መሞቅ ጀምሯል። ሁሉም አይደለም... የጣት ጫፍ የሚያክሉ አምስት ቦታዎች ብቻ።

አሁን አሥር ሆኑ።