ብረት የማይሰማው መሣሪያ

ፀሐይ ብቅ ስትል ፋኩንዶ ፒክአፑን ከመጨረሻው የከብት እርባታ አጥር ሥር አቆመና ከአፈር ሥር ወርቅና ብረት የሚጠቁሙ ሁለት መሣሪያዎች አወረደ። ከዚህ ወዲያ መኪና አይሄድም፤ አሸዋው ጎማ ይውጣል። ከእሱና ከአክስቱ ፊት ቁልቋልና ድንጋይ ብቻ፣ ከዚያ ማዶ ጥቁሩ ተራራ ነው። በተራራው ግርጌ ባሉት ደረቅ ፈፋዎች ዝናብ ወርቅ አጥቦ ያወርዳል፤ ለዚህ ነው የካቦርካ ከተማ ሰው እሑድ በመጣ ቁጥር ሳህን የተሰካበት ዘንግ ይዞ አሸዋ ሲያስስ የሚውለው።

ፋኩንዶ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ዘንድሮ ጡረታ ወጥቷል። አሁን እሱም የራሱን ጠቋሚ ሊገዛ ነው። አቅሙ ለአንድ ብቻ ስለሆነ ሻጩ የመኪናዋን ሊብሬ በመያዣነት ተቀብሎ ሁለት መሣሪያ ለሦስት ቀን አዋሰው። አንደኛው ባለ ቀለም መስኮት ነው፤ የተቀበረው ምን እንደሆነ በቁጥር ያሳያል፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ካልፈለጉ ደግሞ ብረት ላይ ዝም ብሎ ለወርቅ ብቻ እንዲጮኽ ይደረጋል። ሌላኛው ርካሽ ነው፤ መስኮትም ቁጥርም የለውም፣ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይጮኻል። ሻጩ ባለመስኮቱን ብረት እንዳይሰማ አድርጎ አስተካከለለትና እንዴት እንደሚመለስ ሊያሳየው ሲጀምር፣ ፋኩንዶ «ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ አቋረጠው። አልገባውም ነበር። ሰው ፊት አልገባኝም ከማለት ግን እግሩ ቢሰበር ይመርጣል።

መንገዱን የሚያውቁለት የእናቱ እህት ክሪሳንታ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ዓመት በዚህ በረሃ ወርቅ ሲፈልጉ ኖረዋል። ዘንድሮ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም «ብቻህን ሄደህ ቁልቋል አቅፈህ እንዳትገኝ» ብለው ተከተሉት።

በመጀመሪያው ቀን ርካሹ መሣሪያ አሳበደው። በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል። ፋኩንዶ ስድስት ቦታ ቆፍሮ ምንም ሲያጣ፣ አክስቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከሳቁ በኋላ ጫማውን አሳዩት። አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለበት የጋራዥ ጫማ ነው ያደረገው፤ መሣሪያው የሚጮኸው በገዛ እግሩ ነበር። ፋኩንዶ ተናደደና ባለመስኮቱን አነሳ። ያ ጨዋ ነው፤ ጫማም፣ ሚስማርም፣ የዛገ ቆርቆሮም አይሰማም። ልቡ ያን ጊዜውኑ መረጠው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። ሰማዩ ቡናማ ሆነ፣ አሸዋው ፊታቸውን ገረፈው። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠግተው ብርድ ልብስ ተከናንበው ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ሲያልፍ የመጡበት ዱካ ጠፍቶ፣ ምድሩ እንደተላገ ጣውላ ሆኖ ነበር። ቀሪውን መንገድ ክሪሳንታ የተራራውን ጫፍ እያዩ መሩትና ተሸክመዋቸው የመጡትን አራት ትንንሽ የውሃ ጀሪካኖች ከአንድ ዛፍ ሥር ደብቀው አደሩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከፈፋው ሲመለሱ ከርከሮዎች ጀሪካኖቹ ላይ ደርሰዋል። አሥር የሚሆኑት የፕላስቲኩን ጀሪካን በጥርሳቸው ቀደው እርጥቡን አሸዋ ይቆፍራሉ። ፋኩንዶ አካፋውን እያወዛወዘ ገባባቸው። አንዱ ወንድ ጥርሱን እያፋጨ ወደ እግሩ ተወረወረ፤ በአካፋው ጠርዝ ግንባሩን ሲለው ዞሮ ሮጠ፣ መንጋውም ተከተለው። ከአራቱ ጀሪካን በአንዱ ሥር ሁለት ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ ቀርቶ ነበር።

መኪናዋ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ክሪሳንታ ግን ሦስት ሰዓት ቢሄዱ የሚደረስበት አሮጌ ጉድጓድ እንዳለ ነገሩት። የአካባቢው ልማድ ነው፤ የጠጣ ሰው ጉድጓዱን በብረት ክዳን ከድኖ፣ አውሬ እንዳይገባበት አፈር አልብሶት፣ የድንጋይ ምልክት ደርድሮበት ይሄዳል።

ደረሱ። ሜዳው እንጂ ጉድጓዱ አልነበረም። የድንጋይ ምልክቱን ጎርፍ ወስዶታል፣ የቀረውን አሸዋ ሸፍኖታል። የቀረችው ውሃም በመንገድ አልቃለች። ክሪሳንታ ከአንዲት ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ላብ አልነበራቸውም፤ ፊታቸው ደርቋል፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ፋኩንዶ ይህን ሲያይ ፈራ።

ያን ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በባለ አራት ጎማ ሞተር መጡ። ታላቁ ሲልቬሪዮ ይባላል፤ ከትናንት ጀምሮ ውዱን መሣሪያ አይተው፣ የያዘው ሰው ወርቅ ያለበትን ያውቃል ብለው ሲከተሏቸው ነበር። ፋኩንዶ ውሃ ለመናቸው። ሲልቬሪዮ ሴትዮዋን አየ፣ መሣሪያውን አየ።

«አንድ ጀሪካን አለን። መሣሪያውን ስጠን፣ ውሰድ» አለ።

«የሰው ነው። መኪናዬ ተይዛበታለች።»

«እኛ እዚያ ጋ ፈፋውን ዞር ብለን እንመጣለን። እስከዚያ አስብበት፣ አጎቴ።»

ሞተሩ አቧራ አልብሷቸው ሄደ። ፋኩንዶ ሲመለሱ እሰጣቸዋለሁ ብሎ ወሰነ፤ ግን ካልተመለሱስ? ባለመስኮቱን አንስቶ ሜዳውን ማሰስ ጀመረ። ወደዚህ ሃያ እርምጃ፣ ወደዚያ ሃያ እርምጃ። መሣሪያው ዝም አለ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ አሁንም ዝም። ክዳኑ ብረት መሆኑ፣ እጁ ላይ ያለው ደግሞ ብረት እንዳይሰማ የተደረገ መሆኑ ድንገት ታወሰው። ቁልፎቹን ተጫነ። መስኮቱ ላይ ዝርዝር መጣ፣ ሌላ ዝርዝር መጣ፣ ጠፋ። እንዴት እንደሚመለስ አያውቅም።

«ምን ሆነ?» አሉ ክሪሳንታ በደከመ ድምፅ።

«አክስቴ፣ አልገባኝም። ሲያሳየኝ ገባኝ ብዬ ዋሸሁት።»

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። በል ያችን ለፍላፊዋን አንሳ።»

ጫማውን አወለቀ። በካልሲ የረገጠው አሸዋ እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ከዚያ ቻለው። ርካሹን ይዞ በረድፍ ሄደ። ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። ጮኸ፤ የፈረስ ጫማ። ጮኸ፤ ሽቦ። አንዱንም ሳይንቅ ሁሉንም ቆፈረ። ውስጥ እግሩ ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ሲያይ አክስቱ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ጠራቸው፣ እጃቸውን ብቻ አነሱለት።

ከዚያ መሣሪያው ጮኸና አላቆመም። አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ይጮኻል፤ ሌላ ጨመረ፣ አሁንም ይጮኻል። ይህ ሚስማር አይደለም። ፋኩንዶ በጉልበቱ ወድቆ በአካፋም በእጁም ቆፈረ። ክንድ ያህል እንደወረደ አካፋው ብረት መታ። ክዳኑን በጠርዙ ይዞ ሲያነሳው ቀዝቃዛ የእርጥብ አፈር ሽታ ፊቱን መታው። ለማብሰያ የያዙትን ድስት ጆሮ በገመድ አስሮ ሰደደው፤ ከታች የውሃ ድምፅ ሰማ፣ አለቀሰም።

ውሃውን ለክሪሳንታ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቸው፣ ራሳቸውንም አረጠበላቸው። እያጉረመረሙ ዓይናቸውን ሲገልጡ ነው ልቡ የተመለሰው።

ወንድማማቾቹ ሲመጡ ሞተሩ እየተንጨረጨረ ነበር፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈንድቶ የጀሪካናቸውን ውሃ እዚያ ላይ ጨርሰውታል። ሲልቬሪዮ የተከፈተውን ጉድጓድ አይቶ አንገቱን ደፋ። ክሪሳንታ ፋኩንዶን «ቅዳለት» አሉት። ፋኩንዶ እንቢ ለማለት ዳር ዳር ብሎ ነበር፤ ሆኖም ጀሪካናቸውን እስከ አፉ ሞላላቸውና አካፋውን ለሲልቬሪዮ ሰጠው።

«መጨረሻ የጠጣችሁት እናንተ ናችሁ። ክደኑት፣ አፈር አልብሱት፣ ድንጋዩንም ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ» አለው።

ደረደሩ። ፀሐይ ስትበርድ አመሻሽ ላይ ተነሥተው፣ ፋኩንዶ እያነከሰ፣ አክስቱ ክንዱን ይዘው፣ በማግስቱ መኪናቸው ጋ ደረሱ። ወርቅ አላገኙም።

ሻጩ ሁለቱንም መሣሪያዎች ተቀብሎ የቱን እንደመረጠ ጠየቀው። ፋኩንዶ በርካሹ ላይ እጁን ጫነ። ሻጩ «እሱ እኮ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ያስቆፍርሃል» ብሎ ሊመክረው ሞከረ። ፋኩንዶ «ይሁን» አለ፤ ሚስማር መሆኑን ቆፍሮ ማወቅ ይሻለዋል። ሊብሬውን ተቀብሎ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ተመለሰ።

«ያን ባለመስኮቱን የሚወስድ ሰው ሲመጣ፣ መልሶ ብረት እንዲሰማ ማድረጉን በገዛ እጁ ካላሳየህ አትስጠው። ገባኝ ቢልህም አትመነው» አለ። «እኔ ለፍላፊዋን አንሳ የሚሉኝን አክስቴን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ እሱ ግን ብቻውን ይሄድ ይሆናል።»