የበዓል ማግስት ጨው

ወደ ወንዙ ረግረግ የሚያወርደው ደረጃ በረዶ ለብሷል። ካሳዬ ከመኪናው ኋላ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ያለበትን ባልዲ አወጣና ከላይ እስከ ታች በእፍኙ እየዘገነ በተነው። ለዶሮ እህል የሚበትን እንኳ እንደሱ አይለግስም።

«በቃ ካስዬ! ሰላሳ ደረጃ ነው እኮ፤ ወጥ ልትሠራበት ነው?» አለች ሚስቱ ሮማነወርቅ፣ ምርኩዟን ተደግፋ።

«ዝም ብለሽ ውረጂ።»

ከሁለት ዓመት በፊት በበረዶው ወራት ሮማነወርቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተንሸራታ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል። ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ከካሳዬ ጆሮ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ፓርኪንግ ከበረዶ የሚያጸዳው እሱ ሆነ። በየበዓሉ ዋዜማ፣ አንዲት እናት እንዳትወድቅ እያለ፣ ጨዉን በጆንያ ያፈሰዋል።

እሷ ደግሞ አጥንቷ ሲጠግን ሐኪም በእግር ተንቀሳቀሺ ቢላት በጅረቱ ዳር መመላለስ ጀመረች። ሳታስበው የጅረቱን ውሃ ጥራት የምትለካ በጎ ፈቃደኛ ሆና ቀረች። ጅረቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰፈር ተነስቶ፣ ኤደን ፕሬሪ የተባለችውን የአሜሪካ ከተማቸውን ሰንጥቆ ሚኒሶታ ወንዝ ይገባል። መገናኛው ላይ ካለ ዛፍ ሥር ሮማነወርቅ ኅዳር ላይ አንድ መሣሪያ አስራለች። ክንድ የሚያህል ዘንግ ነው፤ በየሰዓቱ የውሃውን ጨው ይመዘግባል። ዓሣና እንቁራሪት የሚፈጀው ጨው ከየት እንደሚመጣ እስካሁን ያወቀ የለም። ዛሬ ደግሞ የከረመው በረዶ ስለቀለጠ ወንዙ ሞልቷል። እስከ ማታ መሣሪያውን ይወስደዋል ተብሏል፤ ከወሰደው ከኅዳር ጀምሮ የለፋችው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ባልዲውን ደረጃው ግርጌ ትተው ወደ ረግረጉ ገቡ። ከተማው ከኋላቸው ጠፋ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ፊታቸውን ይገርፋል፤ ጭቃው የካሳዬን ቦት ጫማ ሁለቴ አስወልቆ በካልሲ አስቀረው። ግዙፎቹ ዛፎች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል።

ድንገት ከሸምበቆው መሃል አንድ የዱር ዝይ ክንፉን ዘርግቶ፣ እየጮኸ መጣባቸው። በወጣትነቱ በረሃ አቋርጦ የተሰደደው ካሳዬ ዘሎ ከሚስቱ ጀርባ ተደበቀ።

«ሚስቱ እንቁላል ላይ ተቀምጣ ነው» አለች ሮማነወርቅ ምርኩዟን ዘርግታ። «አንተም እንደሱ ነህ። ና፣ በዚህ በኩል እንዙር።»

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ውሃው እየጋለበ ነበር። ካሳዬ ጎንበስ አለ።

«ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

«ወገብህስ?»

«ውጪ አልኩሽ!»

አዝሏት ገባ። ቅዝቃዜው እስከ አጥንቱ ዘለቀ። በሙሽርነታቸው ከነበረችው ከብዳለች፤ ቢሆንም ትንፋሿ አንገቱ ላይ ሲሞቀው ደስ አለው። ተሻገሩ፣ ዛፉን አገኙ፣ ሰንሰለቱን ፈቱ። ሮማነወርቅ መሣሪያውን አቅፋ ሳመችው። ቤት ካለው ኮምፒውተር ጋር እስኪገናኝ መዝገቡ ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነው፤ ስልኳ ያሳያታል እንጂ አያስቀምጥላትም። ዛፉን ተጠግታ ከፈተችው።

«ጉድ እኮ ነው! ጨዉ ዝቅ ብሎ ይከርምና ድንገት ይሰቀላል። ጃንዋሪ ስምንት። ጃንዋሪ ሃያ። ፌብሩወሪ ሃያ አራት። በነዚህ ቀናት ምን ነበር?»

ካሳዬ በጣቱ ቆጠረ። የገና ማግስት። የጥምቀት ማግስት። የኪዳነ ምሕረት ማግስት። ክው አለ። በነዚያ በዓላት የሰፈሩ ፈረንጅ ሁሉ ሥራ ሄዷል፤ የሞላው ፓርኪንግ የእነሱ ብቻ ነበር። ለገና ብቻ ስድስት ጆንያ አፍስሷል፤ ያም ከቀለጠው በረዶ ጋር ጅረቱ ገብቷል።

«ምን ሆንክ?»

«ብርዱ ነው» አለ።

ሲመለሱ ውሃው ከቅድሙ ጨምሮ ጠበቃቸው። ሮማነወርቅን አዝሎ፣ መሣሪያው ያለበትን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ገባ። መሃል ላይ አንድ የሚንሳፈፍ ግንድ ጎኑን መታው። ተንገዳገደ። እሷን እንደምንም ዳር አድርሶ ሲዞር፣ ቦርሳው በጅረቱ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ወንዙ ይሄዳል።

«ተወው ካስዬ! አንተ ትበልጥብኛለህ!»

ቢተወው ማንም አይወቅሰው። ጨዉ ከየት እንደመጣም ማንም አያውቅም። አንድ አፍታ ቆመ፤ ይህን ማሰቡን በኋላም አልካደም። ከዚያ በምርኩዝ እያነከሰች ወደ ጅረቱ የወረደችባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ትዝ አሉት። ዘሎ ገባ። ውሃው ደረቱን አለፈ፣ ቦርሳው ከእጁ አመለጠ፣ እንደገና ያዘው፣ የዛፍ ሥር ጨብጦ እየተሳበ ወጣ።

እየተንቀጠቀጠ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ሮሚ፣ ጨዉ የኔ ነው። ቀኖቹ የበዓሎቻችን ማግስት ናቸው።»

«ብርዱ ነው ስትል አውቄያለሁ።»

«አንቺ እንዳትወድቂ ብዬ እኮ ነው...» አለና እንባው መጣ።

ሻርፗን ፈትታ ፊቱን ጠረገችለት፤ አንገቱ ላይም ጠመጠመችለት። «አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። ግን ዓሣው ምን አደረገህ?» ስትለው እያለቀሰ ሳቀ።

ደረጃው ግርጌ ሲደርሱ ዝናቡ እንደገና በረዶ ሆኖበታል። ባልዲው እዚያው አለ፤ ግማሹ ጨው ነው። የካሳዬ እጅ እንደለመደው ወደ ባልዲው ሄደ። ከዚያ እጁን ሰበሰበና ክንዱን ሰጣት። በሌላው እጁ ባልዲውን አነሳ።

«ብወድቅስ?»

«እኔ ላይ ነዋ!»

አንድ ደረጃ ወጡ፣ ቆሙ፣ ሌላ ወጡ።

«ለሚመጣው ገና ቀደም ብዬ አካፋ ይዤ እሄዳለሁ» አለ አስራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ። «በረዶውን እፍቃለሁ። እናቶችን ከመኪና እስከ በር እየደገፍኩ አስገባለሁ።»

«መቶ እናት ነው የሚመጣው፣ ካስዬ።»

«መቶ ይሁን» አለና ክንዷን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «አንቺን አስቀድሜ።»