ስሙን የሰጠ ንጉሥ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የበላሁት አይርጋልኝ።

በወርዘላ መንግሥት አለልኝ የሚባል ወጣት ንጉሥ ነበር። ሕግ የሚያወጣው ሸንጎው፣ ጦር የሚያዘውም ሸንጎው፤ የንጉሡ ሥራ በዝሆን ጥርስ ዙፋን ላይ መቀመጥ ብቻ። በየጠጅ ቤቱ «ወንበር አሟቂው» ይሉት ነበር። ነገር ግን ደም የተቃቡት ደገኞችና ሐይቀኞች አብረው የሚያጎነብሱት ለዚያ ዙፋን ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ፀሐይ ጠቁራ ወጣች። ባለክንፉ ዘንዶ ሞገሬ ዙፋኑን ሰርቆ ወደ እሳት ተራራ በረረ። ወዲያው ሁለቱም ወገን የየራሱን ዙፋን ጠርቦ፣ ለዚያ የማይሰግደውን ማረድ ጀመረ።

አለልኝ በእናቱ በእመት ዘርፌ እግር ሥር ተንበርክኮ ማለ፦ «ሕዝቤ ዳግም አብሮ የሚያጎነብስበትን ዙፋን ሳልይዝ ወደዚህ ደጅ አልመለስም።»

«አንተ እኮ በቅሎ እንኳ በወጉ አትጋልብም፣ ልጄ» አለችው። «ይሁን፣ ሂድ። ስምህን እየጠራሁ እጠብቅሃለሁ።»

ሽበሽ የሚባል ደገኛ ጦረኛና ወለላ የምትባል ሐይቀኛ ቀስተኛ ተከተሉት። እሳት የሚተፉ ጅቦችን አባረሩ፤ ከመንገደኛ ጋር እየተሟገተ የሚፈስ ወንዝ ተሻገሩ።

«ደገኛ ውሃ ሲያይ ምነው ጸሎት ያበዛል?» ትላለች ወለላ።

«ሐይቀኛስ ዳገት ሲያይ ምነው እናቱን ይጠራል?» ይላታል ሽበሽ።

ንጉሡ መሐላቸው ሆኖ ይስቃል፤ እሱ ሲስቅ ሁለቱም ይስቃሉ።

ዘንዶውን ዙፋኑ ላይ ተጠምጥሞ አገኙት። ጦርም ቀስትም አልበሳው።

«በጉልበት አይሆንም፣ በልዋጭ ነው» አለ ሞገሬ። «የራስህ የሆነ ነገር ስጠኝ።»

«ጦሩም ግምጃ ቤቱም የሸንጎው ነው» አለ አለልኝ። «የእኔ የሆነው እናቴ ያወጣችልኝ ስም ብቻ ነው።»

«እሱን ከወሰድኩ ማንም ሰው፣ እናትህም ብትሆን፣ ማን እንደነበርክ አያስታውስም። ንጉሥ ብቻ ሆነህ ትቀራለህ።»

ወለላ የንጉሡን እጅ ያዘች። «ጃንሆይ፣ ይተዉት።»

ከሸለቆው የሚቃጠሉ መንደሮች ጭስ ይወጣ ነበር። አለልኝ አየው።

«ውሰደው» አለ።

ዙፋኑ በተመለሰ ዕለት ደገኛውም ሐይቀኛውም ጦሩን ጥሎ አጎነበሰ። እመት ዘርፌም አጎነበሰች።

«ጃንሆይ፣ አንድ ልጅ የነበረኝ ይመስለኛል» አለች ቀና ብላ። «ልጠራው አፌን ስከፍት ይጠፋብኛል። አይተውት ይሆን?»

ንጉሡ ከዙፋኑ ላይ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «አይቼዋለሁ፣ እናቴ። ደህና ነው፤ ተቀምጧል።»

ከዚህ ሁሉ እኔ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አለልኝ የሚለውን ስም። እውነተኛ ስሙንማ እናቱም አላወቀችው፣ እኔ ከየት አመጣዋለሁ።