ለሚጡ ስም የሰጠሁት ትርጉም

ይህ የምነግራችሁ ነገር በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ በሆነልኝ... ግን አይደለም።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው። ስለዚህ "ጨለማ ነበር፣ ዓይንህ ነው" እንዳትሉኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የልጅቷን ትክክለኛ ስም እዚህ አልጽፈውም። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ሥራዬ ሬዲዮ ነበር። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ለግማሽ ሰዓት ስለ ስሞች አወራለሁ። አድማጭ ይደውላል፣ ያልተለመደ ስም ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ እናገራለሁ። አንድ ወፍራም ደብተር አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሽማግሌ፣ ከመጽሐፍ፣ ከመንገደኛ የለቀምኳቸው ስሞች ተጽፈውበታል።

ሰው ያምነኛል። እኔ ባልኩት ተማምነው ለልጃቸው ስም ያወጡ ብዙ ናቸው።

ከመስታወቱ ወዲያ የሚቀመጠው ቴክኒሻን አንድ ሕግ አለው። ቀጥታ ስርጭት ላይ ዝምታ አይፈቀድም። ከሦስት ሰከንድ በላይ ዝም ካልኩ "ቀጥል" ለማለት ጣቱን ያሽከረክራል።

"አንተ ሰውዬ፣ የመጣልህን በል እንጂ ዝም አትበል! ዝም ስትል ሰው ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት በጥፊ ይለዋል" ይለኛል። እንስቃለን።

ያን ማክሰኞ አንዲት እናት ደወለች።

"ጋሼ፣ የልጄን ስም ትርጉም ፈልጌ ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። አያቷ ናቸው ያወጡላት። ትርጉሙን ሳይነግሩን አረፉ።"

ስሙን ነገረችኝ።

ሰምቼው አላውቅም።

ደብተሬን ገለጥኩ። የለም። ወደ ኋላ ገለጥኩ። የለም...

አንድ ሰከንድ። ሁለት። ሦስት።

ከመስታወቱ ወዲያ ጣቱ መሽከርከር ጀመረ።

"አላውቀውም፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። አንደበቴ ግን ቀደመኝ።

"እህ... ይሄ በጣም የቆየ ስም ነው" አልኩ፣ አድማጭ በሚወደው ወፍራም ድምፄ። "በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ማለት ነው። ድሮ ከቤት ወጥቶ የቀረ ሰው ሲኖር፣ ከዚያ በኋላ ለምትወለድ ሴት ልጅ ይወጣ ነበር።"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ምናልባት የስቱዲዮውን በር እያየሁ ነበር።

ሴትዮዋ በሹክሹክታ...

"አባቷ ሳትወለድ ነው ወጥቶ የቀረው። እንዴት አወቁ?"

ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ድምፅ "እማዬ፣ ምን አለ?" ስትል ሰማሁ።

ቴክኒሻኑ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ስንወጣም "ዛሬስ ልታስለቅሰኝ ነበር" አለኝ። እውነቱን ልናገር... ኮራሁ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ቢሮ ደወለች።

"ጋሼ፣ ሚጡ በር ላይ መቆም ጀመረች።"

ሚጡ የቤት ስሟ ነው።

"እንዴት ማለት?"

"ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የያዘችውን ትጥላለች። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትቆማለች፣ እስኪመሽ። ብጠራት አትዞርም። ማንን ነው የምትጠብቂው ስላት፣ 'ስሜ እኮ ነው እማዬ' ትለኛለች።"



"ልጅ ናት፣ ይተዋታል" አልኩ።

"አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የምትጠብቀው ሰው... ይመጣል? ስሙ ምን ይላል?"

እዚህ ጋ ነበር መናገር የነበረብኝ። እህቴ፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ትርጉሙን አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። ግን አሥራ አንድ ዓመት የለመድኩት አድናቆት አፌን ያዘኝ። ደግሞ እያለቀሰች ነበር። ላጽናናት ብዬ...

"ይመጣል" አልኳት። "የስሙ ሙሉ ትርጉም እንደዚያ ነው። የምትጠብቀው ሰው ይመጣል።"

"ተመስገን" ብላ ዘጋችው።

በሦስተኛው ሳምንት አልደወለችም። በአራተኛውም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን እህል አልወርድ አለኝ። በአምስተኛው ማክሰኞ ፕሮግራሙን አስቀድሜ ቀድቼ ለቴክኒሻኑ ሰጠሁትና፣ የደዋዮች መዝገብ ላይ ባለው ስልኳ ደወልኩ። ቤቷን ነገረችኝ።

"ይምጡ እንጂ! እኔም ላመሰግንዎት ስፈልግ ነበር" አለች።

እውነቱን ልነግራት ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሁሉ እየተለማመድኩት ሄድኩ።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። በሩን ሳልነካው ተከፈተ።

እናትየዋ ናት። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ተቀባብታለች። ዓይኗ ግን ለቀናት ያልተኛ ሰው ዓይን ነው።

"ቀስ ይበሉ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ተኝቷል።"

"ማን?"

"መጣ እኮ ጋሼ! እንዳሉት መጣ!"

ገባሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ከበሩ ጀርባ፣ የወለሉ ቀለም በሁለት ትንንሽ እግሮች ልክ ተልጧል።

ከጎኑ የወንድ ጫማ ተቀምጧል። ጥንድ ነው። ግን ሁለቱም የግራ ናቸው...

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን አለ። ሁለቱ ተበልቶባቸዋል። የሦስተኛው ምግብ ሳይነካ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የዛሬ አይደለም፣ የትናንትም አይደለም።

"ብዙ አይበላም" አለች ዓይኔን ተከትላ። "ብዙም አያወራም። መንገዱ አድክሞት ነው። ቁጭ ይበሉ፣ ሻይ ላምጣ።"

ወደ ኩሽና ገባች።

የውስጠኛው ክፍል በር የለውም። መጋረጃ ነው፣ ተዘግቷል።

ሚጡ ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ፊቴን አይታው አታውቅም። ድምፄን ሰምታ ነው ያወቀችኝ። እጄን ሳበችና አፏን ጆሮዬ ላይ ለጠፈች።

"እሱ አባቴ አይደለም።"

"ማነው ታዲያ?"

"እኔ እንጃ። ይመጣል ያልከው አንተ ነህ።"

ዞር ብዬ መጋረጃውን አየሁ።

"ጋሼ... ሌላ ትርጉም ንገረኝ። እባክህ። እሱ የሚሄድበት ትርጉም።"

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እጇ በረዶ ሆኗል። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ በእኔ ወሬ ነው ይሄ ሁሉ የመጣባት።

"ሚጡዬ፣ ስሚኝ" አልኳት። "እኔ..."

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሚጡ እጄን ለቀቀች።

"እህ..." አለ ድምፁ። "ይሄ በጣም የቆየ ስም ነው።"

የእኔ ድምፅ ነው።

ሬዲዮ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ የቀዳሁት ፕሮግራም ጀምሯል ማለት ነው። ዞር ብዬ ሬዲዮውን ፈለግኩ። መደርደሪያው ላይ ነበር። ገመዱ ተነቅሎ ዙሪያው ላይ ተጠቅልሏል።

"በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ማለት ነው" አለ ከመጋረጃው ጀርባ። አንዴም ሳይተነፍስ ይደግመዋል። ይደግመዋል...

የመጋረጃው ጫፍ ከታች ተነቃነቀ።

ሮጥኩ።

እውነቱን ልናገር ብዬ የሄድኩት ሰውዬ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ልጅቷን እዚያው ትቼ ደረጃውን ወረድኩ። ከላይ እናትየዋ "ጋሼ! ሻዩ!" ስትል ሰማኋት። አልተመለስኩም።

የመጀመሪያውን ውሸት ሥራዬ አስዋሸኝ ልበል። ሁለተኛውንም በአዘኔታ ነው ልበል። ልጅቷን ትቼ መሮጤን ግን ምን እንደምለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጥታ ስርጭት ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ስሙን ጠርቼ፣ ትርጉሙን ከራሴ እንደፈጠርኩት፣ የሚመጣ ሰው እንደሌለ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ላብ አጠመቀኝ። ቴክኒሻኑ ጣቱን እንደ እብድ ያሽከረክራል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ስጨርስ በሩን በርግዶ ገባ።

"ምን ነካህ?" አለኝ። "ሁለት ደቂቃ ሙሉ አፍህን ከፍተህ ዝም አልክ!"

"ተናገርኩ እኮ!"

ቅጂውን ከፈተልኝ። ዝምታ... ዝምታ... መጨረሻው ላይ፣ በእኔው ድምፅ፣ አንድ ቃል ብቻ አለ።

"ይመጣል።"

ከዚያው ወደ ሚጡ ቤት በረርኩ። ተቆልፏል። የጎረቤት ሴትዮ ብቅ አለች።

"ትናንት ሦስቱም ወጡ" አለችኝ።

"ሰውየውን አየሽው?"

"ፊቱን አላየሁትም። ድምፁን ግን የማውቀው መሰለኝ። ያ ሬዲዮ ላይ ስለ ስም የሚያወራው..." ትክ ብላ አየችኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"አንተው አይደለህ እንዴ?"

ይኸው አራት ወር ሆነ። ሥራውን ለቅቄያለሁ። ደብተሬን ይዤ የዚያን ስም እውነተኛ ትርጉም የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። እውነቱ ከተገኘ ምናልባት ያ ነገር ይለቃት ይሆናል። ያልጠየቅኩት አዛውንት የለም። አንዳንዱ ሳያውቅ "እንዲህ ማለት ሳይሆን አይቀርም..." ብሎ ሲጀምር፣ አፉን በእጄ እከድነዋለሁ። እንደ እብድ ያዩኛል።

ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ከእናንተ አንዱ ሌላ ትርጉም ይፈጥርለታል ብዬ ፈርቼ ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ይህን የምጽፈው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

የቤቴ በር ከታች አራት ጣት ያህል ክፍተት አለው። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በክፍተቱ ሁለት ትንንሽ እግሮች ታዩኝ። ጣቶቻቸው ወደ እኔ ዞረዋል። አላንኳኳችም።

ተነስቼ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

"ጋሼ..." አለች በሹክሹክታ። "ሌላ ትርጉም አገኘህ?"

እጀታውን ያዝኩ።  ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ሦስት ቃላት፣ ይኸው ዛሬ ተናገርኳቸው።

"አላውቀውም ሚጡዬ። ጠይቄ እነግርሻለሁ።"



"እሺ" አለች። "እጠብቃለሁ።"

ጎንበስ ብዬ በክፍተቱ አየሁ። ከትንንሾቹ እግሮች ኋላ የወንድ ጫማ መጥቶ ቆሟል።

ሁለቱም የግራ ናቸው።