ጆሮ የመታው ምልክት

ወንዙ የእንጨቱን ድልድይ ይዞት ሄዷል። የቀረው ከዚህኛውና ከወዲያኛው ዳር የቆሙ ሁለት ምሰሶ ብቻ ነው። ዝናቡም ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

«እንግዲህ ምን ይሻላል ጋሼ?» አለች የወፍ አጥኚዋ።

«ምን ይሻላል ትያለሽ? ይገባበታላ!» አለ ጆሮ፣ ገመዱን በራሱና በእሷ ወገብ ላይ እያሰረ።

ጆሮ የወጣለት ስም ነው። በእንጨት ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ዛፍ መርጧል። ግንዱን በመዶሻ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። ውስጡ ባዶ ከሆነ «አይረባም» ብሎ በመጥረቢያው የመስቀል ምልክት ይመታበታል፤ ያን ዛፍ ከሰል አክሳዮች ይወስዱታል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ለሰው መንገር ረስቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር ግን የፋብሪካው ባለቤት አጥኚዋ ከምትሠራበት የወፍ ጥበቃ ማኅበር ጋር ተዋዋለች። ማኅበሩ እንዳሳያት፣ ፋብሪካው የሚተዳደርበትን ዛፍ ፍሬ ውጣ በየጫካው የምትዘራው አንዲት ምንቃረ ትልቅ ወፍ ናት። እሷ ደግሞ የምትፈለፍለው ጆሮ «አይረባም» በሚለው ዛፍ ውስጥ ብቻ ነው። «ወፏ ካለቀች የእኛም መጋዝ ዝጎ ይቀራል፤ ከእንግዲህ እነዚህ ዛፎች አይነኩም» አለች ባለቤቷ።

አክሳዮቹ ሳቁ። የጫካው ሥራ የቆየ ደንብ አለው፤ ምልክት የሚሻረው የመታው ሰው ራሱ ዛፉ ሥር ቆሞ፣ በቆራጮች ፊት «ተሳስቻለሁ» ሲል ነው። ነገ ጠዋት ላይኛው ሸንተረር ላይ መቁረጥ ይጀምራሉ። ጆሮን ይህን ቃል ማን ሊያስወጣው! እሱም በልቡ «እደርስና ሌላ ዘዴ አላጣም» ብሎ ነበር የተነሣው።

ውኃው ደረቱ ላይ ደረሰ። መሃል ላይ ሳሉ ተነቅሎ የመጣ ግንድ አጥኚዋን ገጭቶ አሰጠማት። ጆሮ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ጎተተ፤ መዳፉ ተላጠ። ስንቃቸው ያለበት ቦርሳ ሄደ። እሷ ግን እያሳላትና እየተሳደበች ዳር ወጣች።

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«ዛፎቹ ላይ የምንቸነክራቸው ታርጋዎች ኪሴ ውስጥ አሉ። እንሂድ!»

በማግስቱ ገና ሳይረፍድ፣ ቁጥቋጦው መሃል አንድ ኮርማ ጎሽ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው። አፍንጫውን ነፋ፣ መሬቱን ጫረ፣ ከዚያ መጣ። ሁለቱም ያገኙት ዛፍ ላይ ተንጠለጠሉ። ጎሹ ግንዱን ደጋግሞ ነረተውና ሰልችቶት ሄደ። የተሸሸጉበት ዛፍ ላይ አሮጌ የመስቀል ምልክት ነበረ። ጆሮ አየው፤ አጥኚዋም አየችው።

የሞተር መጋዝ ድምፅ ሲሰሙ ሮጡ።

የአክሳዮቹ አለቃ ሽቦ ይባላል፤ ድሮ በፋብሪካው ከጆሮ ጋር ሠርቷል። ዙሪያውን ስምንት ቆራጮች ቆመዋል። ጆሮ እያለከለከ ሄዶ ሊቆርጡት የነበረውን ዛፍ ከጀርባው አድርጎ ቆመ።

«አጥፋው!»

«ጋሼ፣ ይሄ ምልክት የማን ነው?» አለ ሽቦ፣ መጋዙን ሳያጠፋ።

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ምን አመጣህ? ወይስ ጆሮህ ደከመ?»

ቆራጮቹ ሳቁ። የጆሮ ፊት ጋለ። ሠላሳ ዓመት የበላው በዚህ ጆሮ ነው፤ ስሙም ክብሩም እሱ ነው። ይህን ቃል ካወጣ ከነገ ጀምሮ በየመጋዝ ቤቱ መሳቂያ ነው። ሌላ ዘዴ ፈለገ፤ አጣ።

«መጋዙን ለአንድ አፍታ አጥፋው» አለች አጥኚዋ።

ሽቦ አጠፋው። ጆሮ እንደ ልማዱ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጠፈ። ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ከራሱ በላይ፣ በጭቃ ከተደፈነው ቀዳዳ በቀረችው ስንጥቅ፣ አንድ ትልቅ ምንቃር ብቅ አለ። እናቲቱ ከጫጩቶቿ ጋር ራሷን ቆልፋለች፤ ዛፉ ቢወድቅ መውጫ የላትም። እንዲህ ያለ ስንት ዛፍ ነው በእሱ ምልክት የወደቀው? አፈረ፤ ከዚያም ተናደደ፤ ንዴቱም ቀጥ አድርጎ አቆመው።

«ስሙ ሁላችሁም!» ብሎ ጮኸ። «ይሄን ዛፍ አይረባም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ!»

የሳቀ አልነበረም። ጆሮ ምልክቱን በመጥረቢያ ልጦ ጣለና የፋብሪካውን ማኅተም በመዶሻ መታበት። አጥኚዋ ከጎኑ የማኅበሩን ቢጫ ታርጋ ቸነከረች። ወደሚቀጥለው ዛፍ አለፉ።

«ተሳስቻለሁ!»

ወደሚቀጥለውም። አራተኛው ላይ ሽቦ አንገቱን ደፍቶ «ይበቃል ጋሼ፣ ሰምተናል» አለ።

«ምኑ ነው የሚበቃው?» አለ ጆሮ፣ የተላጠ መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ገና አሥራ ዘጠኝ ዛፍ ይቀረኛል። ሰዎችህን ይዘህ ተከተለኝ!»